ዱባ በሻይ ማጥለያ

እንቅልፍ ባይኔ አልዞር አለ። መጋረጃውን ዘግቻለሁ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤበታለሁ፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቼዋለሁ፤ ብርሃኑ ግን በጎን ሾልኮ ገብቶ ፊቴ ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን ሙሉ ድስት ሲፈገፍግ ያደረ ሰው ጠዋት ትራስ ሲያይ መውደቅ ነበረበት፣ እኔም እስከ ትናንት እንደዚያ ነበርኩ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ የተኛሁበት ቀን አለ፤ ዛሬ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እማዬ ኩባያዋን ወደ ስልኩ ከፍ አድርጋ «ይኸው ልጄ፣ እየጠጣሁልህ ነው» ትለኛለች። እኔ ጅሉ ደግሞ ከዚህ ሆኜ አይዞሽ ጨልጪው እላታለሁ። ብያለሁ እኮ፣ «እስከ ታች ጨልጪው፣ አጥንትሽ ይጠንክር» ብያታለሁ፣ ማን ሐኪም አድርጎ እንደሾመኝ እንጃ። እሷም ጨለጠችው። በየማታው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ።

ትናንት ነው የሰማሁት። ወደ ሥራ ልወጣ ካልሲ እያጠለቅኩ ለእህቴ ደወልኩላት፣ እትዬ ነው የምላት፣ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እማዬን የያዘቻትም እሷ ናት፤ ደስ ብሎኝ ነበር የደወልኩት፣ «አንድ የማውቀው ልጅ በሳምንቱ ወደዚያ ይመጣል፣ አራት ጣሳ የዱቄት ወተት አሲዘዋለሁ፣ ቅባት ያለውን፣ ትልቁን» ስላት ዝም አለች። ኔትወርክ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አለሁ» አለች። «ተው፣ አትላክ።» ለምን? «በቃ ተው፣ ይበቃል።» እንዴት ይበቃል፣ አልቋል አላላችሁኝም? እና እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም የምትለዋ እትዬ፣ እንደ ቦይ ውሃ ተለቀቀችብኝ። ለእማዬ ወተት አይስማማትም። ከመቼ ጀምሮ? ከመጀመሪያው ጣሳ ጀምሮ። ሆዷን ይነፋታል፣ ያጣድፋታል፣ ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ ጓሮ ነው የምትሮጠው፤ በማግስቱ ደግሞ «ልጄ ሰው አገር ላቡን አንጠፍጥፎ የላከውን ደፋችው ላስብል?» ብላ ትጠጣለች። ሐኪሙ ሲጠይቃት «ወተት? ባፌም አይዞር» ብላ ዋሸችው፣ እንዳይከለክላት። ሰውየው ያልመረመረው ነገር የለም፣ ደሟን ቢል፣ ጉበቷን ቢል፤ በመጨረሻ እትዬ ተከትላት ገብታ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገችለት። «ታዲያ ለምን ለኔ አልነገራችሁኝም?» ብዬ ጮህኩ። «እንዳትጨነቅ ብለን ነዋ! ሰው አገር ብቻህን ሆነህ» አለችኝ። እሺ፣ ይኸው አልተጨነቅኩም፣ ተኝቼ የለ እንዴ።

ወተቱ ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እንግዲህ ተገላገለች ብሎ ማረፍ ነበር፤ ግን እማዬ ጥርስ የላትም፣ ሰው ሠራሹ ድዷን እየላጠ ቢያስቸግራት በመሐረብ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ እና ዋናው ምግቧ ያው በወተት የራሰ ዳቦ ነበር። አሁን ሾርባ ሲሰጧት «ውሃ ነው» ትላለች፣ የላመ ነገር ሲሰጧት ሁለት ማንኪያ ትቀምስና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ «ልጄ የላከውን ከልክላችሁኝ የናንተን ልብላ?» ብላ ታኮርፋለች። ግትር ናት፣ እኔስ ከማን ወረስኩት። በሁለት ሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሳለች፣ ከዚያች ሴት ላይ የሚቀነስ ነገር ከየት እንደተገኘ እግዜር ይወቅ። ሐሙስ ሐኪሙ ይመዝናታል፣ አሁንም ከቀነሰች አስተኝቶ በአፍንጫዋ ቱቦ አግብቶ እንደሚመግባት ለእትዬ ነግሯታል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቱቦውን አውቀዋለሁ፣ በሥራ ቦታዬ ከምናበስልላቸው ሽማግሌዎች አንዱ እንደዚያ ናቸው፣ ጋሪ ስገፋ በበራቸው ሳልፍ አያቸዋለሁ፣ እንዳይነቅሉት ነርሷ እጃቸውን ይዛ ትቀመጣለች። እማዬ ትነቅለዋለች። ጆሮዬ ይቆረጥ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው የምትነቅለው። ደሞም ቱቦውን አየዋለሁ በስልክ፣ ቱቦ አፍንጫዋ ውስጥ ሆኖ «ደህና ነኝ ልጄ» ስትለኝ አያታለሁ። አይሆንም። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተነሳሁ።

እኔ የማውቃት አንዲት ነገር አለች። ማወቅ እንኳ አይባልም፣ ከድስት ጀርባ ቆሞ ማየት ነው። የምሠራበት ወጥ ቤት አቅም ላነሳቸው አዛውንቶች ነው የሚያበስለው፣ የነገውን ማታ ጀምረው ሲነጋጋ ይጨርሳሉ፣ ዋናዋን አብሳይ በልቤ ሻለቃ ነው የምላት፣ ደርባባ ናት፣ አትስቅም፣ ጭልፋዋን እንደ ከዘራ ይዛ ነው የምትዞረው። ጥርስ ለሌላቸው፣ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው፣ ወተት ለማይስማማቸው አትክልት ቀቅላ፣ አልማ፣ አንድ ክሬም የመሰለ ነገር ታወጣለች፤ ወተት የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብቀምሰው የወተት ስልባቦት ነው ብዬ እምላለሁ። ዳቦ ይጠቀስበታል፣ ዳቦ ለማይችለውም በማንኪያ ነው። አንድ ሌሊት ድስቱን ከማጠቤ በፊት ከታች የቀረውን በጣቴ ጠርጌ ስልስ ከች አለችብኝ። አበቃልኝ ብዬ ነበር። እሷ ማንኪያ ሰጠችኝ። «በጣት አይደለም የሚታወቀው» አለችና ማንኪያውን ሞልታ ዘንበል አደረገችው፤ «ከፈሰሰ ቀጥኗል። ከተጣበቀ ወፍሯል። ተንሸራቶ ዱብ ካለ ጉሮሮ አያስቸግርም።» ሚስጥሩ ምንድነው ብላት «ፍሬና ዘይት» አለችኝ፣ «ቅባት ያለው ፍሬ ያልገባበት አትክልት ውሃ ነው።» ይኸው ለማላውቃቸው እናቶች ይህ ሲሠራ ሦስት ዓመት ድስቱን አጥቤያለሁ፣ በዚያው ሦስት ዓመት ለገዛ እናቴ ወተት ልኬያለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት አላውቅም፣ ስድቡ ገና አልተፈጠረለትም።

ሱቅ ሄድኩ። ሻጭ የሌለበት ሱቅ ነው፣ ሁሉን ራስህ አንስተህ ራስህ ትመዝናለህ፣ ማሽኑ «እባክዎ ዕቃውን ያንሱ» ይለኛል፣ አነሳለሁ፣ «እባክዎ ዕቃውን ይመልሱ» ይለኛል፣ እመልሳለሁ፤ አግብቼ ባላውቅም አማት እንዲህ ሳትሆን አትቀርም። ድንች ገዛሁ፣ ብልጥነት መስሎኝ፣ እትዬ ቤት ድንች አይታጣም ብዬ። የተፈለፈለ የሱፍ ፍሬ ገዛሁ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፤ ደጅ ያለው ቅርጫት ውስጥ ግማሽ ዱባ አየሁና እሱንም ያዝኩ። ቤቴ ገብቼ ድንቹን ቀቀልኩ፣ ከፍሬው ጋር መፍጫ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩና ቁልፉን ተጫንኩት። አጓራ። ያቺ ማሽን ድምጿ ከመኪና አይተናነስም። ከፍቼ ማንኪያ ሞላሁ፣ ዘንበል አደረግኩት፣ አልወርድም አለ። ገለበጥኩት፣ አልወርድም አለ። የግድግዳ ወረቀት የሚለጠፍበት ሙጫ ነው የወጣኝ። ያኔ ነው ሻለቃ ለአዲሷ ረዳት «ድንችና ማሽን አይተዋወቁ!» ብላ የጮኸችባት ትዝ ያለኝ፤ እኔም አጠገባቸው ሆኜ በልቤ ስስቅ ነበር። ሌላ ልሞክር ብዬ ማሽኑን አጥቤ ዱባውን ሳነሳ ከታች ኳ ኳ ኳ። የታችኛው ቤት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን እየደበደበ ነው። ሰዓቱን አየሁ፣ ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ደረጃው ላይ በተለጠፈው ደንብ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጮህ ማሽን ክልክል ነው፣ ወለል መጥረጊያም፣ ልብስ ማጠቢያም፣ ምንም፤ እኔ ደግሞ ሌሊት ሠርቼ ቀን ቤት የምውል ሰው ስለሆንኩ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ሦስተኛው ላይ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለህ ይላል። ዘጠኝ ሰዓትን ልጠብቅ? እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያ እየመሸ ነው፣ እማዬ ጋደም ትላለች፣ ከተኛች እስከ ነገ ነው። ተናድጄ የማሽኑን ገመድ ነቀልኩት፣ ገመዱን እንደያዝኩ ቆምኩ፣ እና ሳቄ መጣ። እትዬ መፍጫ ማሽን የላትም እኮ! ኖሯትም አያውቅ። ሰው በሌለው ማሽን ምግብ ላስተምራት ነበር፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

እንግዲህ በእጅ። ዱባውን ልጬ በትንንሹ ከተፍኩት፣ በጥቂት ውሃ ከድኜ ሹካ ሲነካው እስኪፈርስ አበሰልኩት፣ ከዚያ ክዳኑን አንስቼ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ እሳቱ ላይ አቆየሁት። ፍሬውን ለብቻው ቀቀልኩት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ በጣቴ ስጫነው እስኪዳጥ። ሙቀጫ የለኝም። እትዬ አላት፣ እኔ የለኝም፣ ስለዚህ ፍሬውን ከአንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጋር ወፍራም ኩባያ ውስጥ ጨምሬ በጠርሙስ ቂጥ መውቀጥ ጀመርኩ፤ ኩባያው ፎጣ ላይ፣ ፎጣው ትራስ ላይ፣ ትራሱ ጭኔ ላይ፣ ሰውዬው እንዳይሰማኝ። ሱፍ ሊወቅጥ በትራስ የሚደበቅ ሌባ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዱባውን ደግሞ በሻይ ማጥለያ፣ በማንኪያ ጀርባ እየደፈጠጥኩ፣ አንድ ማንኪያ አሳልፌ ሌላ አንድ ማንኪያ፣ የማጥለያውን ሆድ ከሥር በቢላ እየጠረግኩ፤ እጄ ይዝላል፣ ድንገት ልጅ ሆኛለሁ፣ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ኩፍኝ ይዞኝ አፌ ውስጥ በሙሉ ቆስሏል፣ እማዬ የተቀቀለ ካሮት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትጨምቅልኛለች፣ ጣቶቿ ቢጫ ሆነዋል፣ «ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ» ትለኛለች፣ ጥርሴን ነክሼ እምቢ እላለሁ፣ አትቆጣኝም፣ ትጠብቃለች፣ እትዬ በር ላይ ቆማ «እኔም ኩፍኝ ይያዘኝ» ትላለች። ስንት ሰዓት ጠብቃኝ ይሆን? ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ገባኝ፣ ልጅ አልበላም ሲል እናት ሆዷ ውስጥ ምን እንደሚሆን። ፍሬውንም በማጥለያው ደገምኩት። ሁለቱን ቀላቅዬ ዘይት በጠብታ በጠብታ እያንጠባጠብኩ በሹካ መታሁት፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ እና ዓይኔ እያየ ዱባው ቀለሙ ፈዘዝ አለ፣ ወፈረ፣ አብረቀረቀ። ማንኪያ ሞላሁ። ዘንበል። ቆየ። ተንሸራተተ። ዱብ አለ። ብቻዬን ቤት ውስጥ «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሰውዬው ከታች መታ። ይምታ።

እትዬ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። «ምነው በዚህ ሰዓት? አልተኛህም?» ዱባ አለሽ? «ሰላም ማለት ድሮ ቀረ?» ዱባ አለሽ ወይ እትዬ! አላት። ሱፍም አላት። ስልኩን በድምጽ ማጉያ አድርጋ ጣሳ ላይ አስደገፈችውና ሁለታችን ወጥ ቤት ገባን፣ እኔ እዚህ እሷ እዚያ፤ አሁን ክደኚው፣ አሁን ክፈቺው፣ ውሃውን አትድፊው ይተን፣ «አንተ መች ነው ወጥ ቤት የገባኸው? እንቁላል መቀቀል አታውቅ አልነበረ?» ትለኛለች፣ ዝም ብለሽ ውቀጪ እላታለሁ፣ ሙቀጫዋ ግም ግም ይላል፣ የሷ ጎረቤት አይደበድብም። ማጥለያው ላይ ስትደርስ አማረረች፣ ክንዷን ያማታል፣ ሦስት ዓመት እማዬን ስታነሳ ስታስተኛ የጎዳችው ክንድ ነው አላልኳትም፣ አውቃለሁ ግን፣ እላታለሁ አንድ ቀን። «ማንኪያውን ዘንበል አድርጊው» አልኳት። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ተሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ዱብ አለ» አለች።

ይዛላት ገባች። የበሩ ድምፅ፣ የአልጋው ሽቦ፣ የእማዬ ጉሮሮዋን መጥረግ፣ ሁሉን እሰማለሁ። «ምንድነው ደግሞ ይሄ?» ልጅሽ ነው ያሠራኝ፣ ይኸው መስመር ላይ አለ። «ልጄ? ደህና ነህ የኔ ጌታ? በላህ?» በልቻለሁ እማዬ፣ አንቺ ቅመሺ። ማንኪያ ጥርስ የሌለው አፍ ሲነካ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ በየሌሊቱ የማልሰማው ግን የማስበው ድምፅ ነው። ጠበቅኩ። «እንዴት ነው እማዬ?» «ውይ፣ ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ።» ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ። ሦስት ዓመት በየማታው የሰማኋት፣ ኩባያውን ከፍ አድርጋ የምታሰማኝ ያቺው ድምፅ ናት፣ ቃሉም ያው ነው። ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን ልታዞር ነው፣ ስልኩ ሲዘጋ ሳህኑ ወደ ወጥ ቤት ሊመለስ ነው፣ ሐሙስ ቱቦ ነው፣ እኔ ደግሞ «ወደደችው» ብዬ ልተኛ ነው።

«እማዬ» አልኳት፤ «ወተቱንም ጥሩ ነው ብለሽኝ ነበር።» «ማን ነገረህ?» አለች እማዬ፣ ወደ እትዬ ዞራ መሆኑ ያስታውቃል። ማንም ይንገረኝ፣ አንቺ ነበርሽ መንገር ያለብሽ አልኳት፣ እኔ እኮ ሳላውቅ ስመርዝሽ ኖርኩ፣ አሁንም ከዋሸሽኝ በምን አውቃለሁ? «አሃ፣ መረዘኝ አለ እንግዲህ! ልጄ መረዘኝ ማን አለ? እኔ ያንተን እጅ ነው የጠጣሁት፣ ሆዴ አልቀበልም ካለ ሆዴን ውቀስ» አለችና ሳለች። «ይሄንንስ ምን ብዬ ልብላው? ዱባው የጓሮአችን፣ ሱፉ ከጓዳ፣ የወቀጠችው እሷ። አንተ ምንህ አለበት?» ምን ልበላት? የሚታይ ነገር የለኝም፣ ጣሳ የለው፣ ጥቅል የለው። እና ወጣልኝ፣ ሳላስበው፤ «እማዬ፣ እኔ ቢሮ አልሠራም። ዋሽቼሻለሁ። የአዛውንቶች ወጥ ቤት ውስጥ ድስት አጣቢ ነኝ። ይህንን እዚያ ነው ያየሁት፣ ድስቱን ሳጥብ፣ ጥርስ ለሌላቸው ሰዎች ሲሠራ። ለሰው እናት ሳጥብ ያየሁትን ነው የላኩልሽ። ይኸው ይሄ ነው ያለኝ።»

እማዬ «አውቃለሁ» አለች። እንዴት ታውቂያለሽ? «በስልክ አየዋለሁ እኮ እጅህን። ተልጧል፣ ጣቶችህ አብጠዋል። ቢሮ ውስጥ ውሃ አለ እንዴ?» ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ? «እንዳታፍር ብዬ ነዋ» አለች፣ ልክ እትዬ እንዳትጨነቅ ብለን እንዳለችው አድርጋ፣ እና እኔ ከዚህ ሳቅኩ፣ እትዬ ከዚያ ሳቀች፣ ከሳቁ ጋር እንባዋም እንደመጣ ከአፍንጫዋ አወቅኩ። እማዬ አልሳቀችም። አልጋው ሲጢጥ አለ፣ ቀና ብላ የተቀመጠች መሰለኝ። «እውነቱን ነው የፈለግኸው?» አለችኝ። አዎ። «ቆይ እንግዲህ፣ እንዳትቀየመኝ። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ነጭ ሽንኩርቱ ጥሬውን ነው ያለው፣ ትንሽ ዘይት ካላየ ይሸታል። ሎሚው ደግሞ በዝቶ ፊቴን አስጨማደደኝ። ሽማግሌዎቹን እንዲህ ነው የምታበሏቸው? ምስኪኖች!» ለዋናዋ አብሳይ እነግራታለሁ አልኳት፣ ጨው የረሳሁት እኔ መሆኔን እያወቅኩ። «ንገራት! አንቺ ደሞ ምን ትስቂያለሽ፣ ሂጂ ጨው አምጪ፣ ዳቦም ልስልሱን ቁረሺልኝ» አለቻት እትዬን።

እትዬ ስትሮጥ ሰማሁ፣ ክዳን ሲወድቅ፣ ተመልሳ ስትመጣ። ማማሰያው ሳህኑን ሲያንኳኳ። አንድ ማንኪያ። ሁለት። አሁን ፊቷን ታዞራለች ብዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ከታች ኳ ኳ ይለኛል፣ እግሬ ሳላውቀው ወለሉን እየመታ ኖሯል፣ አቆምኩት። ሦስት። ከዚያ ጥድፍ ጥድፍ ያለ የማንኪያ ድምፅ፣ መቁጠር አቃተኝ። «እማዬ?» አልኩ። «እማዬ፣ እንዴት ነው አሁን? እውነቱን...»

«እስቲ ዝም በል» አለችኝ፣ አፏ ሙሉ ሆኖ፤ «እየበላሁ ነው።»